ስለ እንስሳ ሕዋስ፤ በውስጡ ስላሉት ክፍሎችና ስለ ሥራቸው

ለመምህራንና ማንበብ ለሚያውቁ ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

ክፍል 1። ሕዋስ ምን እንደ ሆነ

ሕዋስ ማለት ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ የተሠራበት ትንሽ ክፍል ማለት ነው። ቤት በድንጋይ ላይ ድንጋይ እየተደረበ እንዲሠራ፤ የሰውም የላምም የዶሮም አካል በሕዋስ ላይ ሕዋስ እየተደመረ የተሠራ ነው። ነገር ግን በድንጋይና በሕዋስ መካከል ታላቅ ልዩነት አለ። ድንጋይ አይበላም፤ አያድግም፤ አይወልድም። ሕዋስ ግን ምግቡን ይቀበላል፤ ጕድፉን ያስወጣል፤ ሲጐዳ ራሱን ይጠግናል፤ ጊዜው ሲደርስም ተከፍሎ ሁለት ይሆናል። ስለዚህ ሕዋስን ከድንጋይ ይልቅ ብዙ ሠራተኛ ካለበት ግቢ ጋር ማመሳሰል ይሻላል። በግቢ ውስጥ አጥርና በር፤ ምድጃና ጐተራ፤ የሚያዝና የሚታዘዝ አለ። በሕዋስም ውስጥ እንደዚሁ ለየሥራው የተለየ ክፍል ይገኛል።

ይህን ማወቅ ለገበሬ ልጅ ምን ይጠቅመዋል የሚል ሰው ቢኖር፤ መልሱ ከደጀን አፋፍ በታች ይታያል። ደጀን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ከፍ ብላ፤ በዐባይ ሸለቆ ጫፍ ላይ የተቀመጠች የጐጃም ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መንገደኛ የዐባይን ድልድይ ተሻግሮ ዳገቱን ሲጨርስ የሚያገኛት እርስዋን ነው። የደጋው ሰው ለሥራም ለንግድም ወደ ቆላው ይወርዳል፤ አንዳንዱም ወባ ይዞ ይመለሳል። ወባ ደግሞ በሰው ሕዋስ ውስጥ ገብታ የምትኖር ተውሳክ ያመጣችው በሽታ ናት። እንግዲህ የሕዋስን ክፍሎች ሥራ የሚያውቅ ሰው፤ በሽታ በየትኛው በር እንደሚገባ፤ መድኃኒትም በየት በኩል እንደሚረዳ ያስተውላል። የዚህ ትምህርት ዐላማ ይህ ነው።

ክፍል 2። ሕዋስ እንዴት እንደ ታወቀ

በዚህ ክፍልና ከዚህ በኋላ የተጻፉት ዓመታት፤ ዓ.ም. የሚል ምልክት ከሌለባቸው፤ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሕዋስ እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ፤ ማይክሮስኮፕ የሚባለው አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ እስኪሠራ ድረስ አልታወቀም ነበር። በ1665 ሮበርት ሁክ የተባለ እንግሊዛዊ የቡሽ ስንጥር በማይክሮስኮፕ ቢመለከት፤ እንደ ማር እንጀራ ዓይን የተደረደሩ ትናንሽ ባዶ ክፍሎች አየ። በ1831 ሮበርት ብራውን በተክል ሕዋስ ውስጥ ኑክሊየስ የተባለውን ክፍል ለይቶ አስታወቀ። በ1838 ሽላይደን ተክል ሁሉ፤ በ1839 ሽቫን እንስሳም ሁሉ በሕዋስ የተሠራ መሆኑን ጻፉ። በ1855 ደግሞ ፊርኮ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም፤ ሕዋስ ሁሉ ከቀደመው ሕዋስ እንደሚወለድ አስረዳ።

የሕዋስ የውስጥ ክፍሎች በደንብ የታዩት ግን በብርሃን ፈንታ በኤሌክትሮን ጨረር የሚሠራው ማይክሮስኮፕ ከተገኘ በኋላ ነው። የሕዋስ ሥዕል በዚህ መሣሪያ ተነሥቶ የታተመው በ1945 ነው። በዚህ ሥራ ጐልተው የታወቁት ክሎድ፤ ደ ዱቭና ፓላዴ የተባሉት ሊቃውንት በ1974 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ክፍል 3። ስለ መጠኑና ስለ ብዛቱ

መምህሩ አንዲት የጤፍ ፍሬ በእጁ መዳፍ ላይ አድርጎ ለተማሮቹ ያሳይ። የጤፍ ፍሬ ርዝመት አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው። የሰው ቀይ የደም ሕዋስ ስፋቱ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺሕኛው ሰባት ወይም ስምንት እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ በአንዲት የጤፍ ፍሬ ርዝመት ላይ 130 ያህል ቀይ የደም ሕዋሳት ተሰልፈው ይቆማሉ። ርዝመቱም ስፋቱም ቁመቱም አንድ አንድ ሚሊሜትር በሆነ የደም ነጠብጣብ ውስጥ 5 ሚሊዮን ያህል ቀይ ሕዋሳት አሉ። በመላው የሰው አካል ያሉት ሕዋሳት ወደ 37 ትሪሊዮን እንደሚደርሱ ተገምቷል።

ሕዋስ ሁሉ ግን ትንሽ አይደለም። አውራ ዶሮ ያልደረሰባት ዶሮ የጣለችው እንቍላል ሲሰበር የሚታየው ቢጫው አስኳል አንድ ሕዋስ ነው። ነጩና ቅርፊቱ ግን ሕዋስ አይደሉም፤ አስኳሉ በዶሮዋ ሆድ ውስጥ ሲወርድ የሚለብሳቸው ናቸው። በአስኳሉ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ ትታያለች፤ ዋናው የሕይወት ሥራ ያለው በእርስዋ ላይ ነው፤ ቢጫው ስንቅ ነው። አውራ ዶሮ የደረሰባት እንደ ሆነ ግን ያች ነጥብ ገና እንቍላሉ ሳይጣል ብዙ ጊዜ ተከፍላ ብዙ ሕዋሳት ሆናለች፤ ጫጩቱም የሚሠራው ከእነዚያ ነው።

ክፍል 4። ስለ ሽፋኑ

የሕዋስ አጥርና በር ሽፋኑ ነው። ይህ ሽፋን ከስብና ከፕሮቲን የተሠራ ነው። ስቡ ሁለት ንብር ሆኖ ተነጥፏል፤ ፕሮቲኖቹም በስቡ መካከል እንደ በርና እንደ በረኛ ቆመዋል። ውኃና አየር በቀላሉ ያልፋሉ፤ ስኳርና ጨው ግን በየራሳቸው በር ካልሆነ አይገቡም። ሽፋኑ ከተቀደደና መጠገን ካልቻለ ሕዋሱ ይሞታል።

የጨው ኀይል በቋንጣ ይታወቃል። ሥጋ ተዘልዝሎ ጨው ሲነሰነስበት ውኃው ወደ ውጭ ይወጣል። ይህ የሚሆነው ጨው በበዛበት ወገን ውኃ ከሕዋስ ተስቦ ስለሚሄድ ነው። የሚያበሰብሱትም ረቂቅ ተሕዋስያን ውኃቸውን ያጣሉና ሥጋው ሳይበላሽ ይሰነብታል። ማር ብዙ ዘመን ሳይበላሽ የሚቀመጥበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

መምህሩ ይህን በዓይን ለማሳየት ቢፈልግ፤ ጥሬ እንቍላል በአቼቶ ውስጥ ለሁለት ቀን ይዘፍዝፍ፤ አቼቶ ባይገኝ በሎሚ ጭማቂ ያድርገው። ቅርፊቱ ይሟሟና እንቍላሉ በስስ ቆዳ ብቻ ተይዞ ይቀራል። ይህን እንቍላል በንጹሕ ውኃ ውስጥ ቢያሳድሩት ያብጣል፤ ጨው በበዛበት ውኃ ወይም በማር ውስጥ ቢያሳድሩት ይኰማተራል። ያ ቆዳ የሕዋስ ሽፋን ራሱ አይደለም፤ ነገር ግን ውኃን እያሳለፈ ሌላውን በመከልከሉ የሽፋንን ጠባይ ያሳያል።

የተክል ሕዋስ ከሽፋኑ ውጭ ሌላ ጠንካራ ግድግዳ አለው፤ ባሕር ዛፍ አጥንት ሳይኖረው የሚቆመው ስለዚህ ነው። የእንስሳ ሕዋስ ግን ግድግዳ የለውም። ባክቴሪያ የሚባሉት ረቂቅ ተሕዋስያን አብዛኞቹ የራሳቸው ዓይነት ግድግዳ አላቸው። ፍሌሚንግ በ1928 ያገኘው ፔኒሲሊን ባክቴሪያን የሚገድለው ይህን ግድግዳ እንዳይሠራ በመከልከል ነው፤ የሰው ሕዋስ ግድግዳ ስለሌለው በዚህ መንገድ አይጐዳም። የጉንፋን ቫይረስም ግድግዳ የለውም፤ ስለዚህ ለጉንፋን ፔኒሲሊን መውሰድ ያለ ጥቅም መድኃኒት ማባከን ነው። ከዚህም በላይ ባክቴሪያዎቹ መድኃኒቱን እየለመዱ በሚያስፈልግበት ቀን እንዳይሠራ ያደርጋል።

ክፍል 5። ስለ ኑክሊየስ

በሕዋስ መካከል ኑክሊየስ የሚባል ክብ ክፍል አለ። አስኳል ብለው የሚጠሩትም አሉ፤ ነገር ግን ከእንቍላል አስኳል ጋር እንዳይምታታ በዚህ ትምህርት ኑክሊየስ ተብሏል። ኑክሊየስ የሕዋስ ዕቃ ቤት ነው፤ በውስጡም ዲ ኤን ኤ የተባለው ረጅም ክር ይቀመጣል። በአንድ የሰው ሕዋስ ውስጥ ያለው ዲ ኤን ኤ ተዘርግቶ ቢለካ ሁለት ሜትር ያህል ይሆናል። የክሩን አሠራር ዋትሰንና ክሪክ በ1953 አስታወቁ።

ዲ ኤን ኤ በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ መጽሐፍን ይመስላል። በመጽሐፉም ፕሮቲን ሁሉ እንዴት እንደሚሠራ ተጽፏል። ዋናው ብራና ከዕቃ ቤት እንደማይወጣ፤ ቍም ጸሐፊም የሚያስፈልገውን ቅጠል ብቻ ገልብጦ እንደሚሰጥ፤ ሕዋስም እንዲሁ ያደርጋል። የሚፈለገው ትእዛዝ አር ኤን ኤ በሚባል ሌላ ክር ላይ ይገለበጥና ግልባጩ ከኑክሊየስ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ዋናው ግን በቦታው ይኖራል።

የአንድ ፊደል ስሕተት ምን ያህል እንደሚያስት በግእዝ የተማረ ሁሉ ያውቃል። «ሠረቀ» በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ወጣ፤ ብርሃን ሰጠ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን ሌባ ሆነ ማለት ነው። በዲ ኤን ኤ ውስጥም እንዲህ ይሆናል። ደምን ቀይ የሚያደርገው ሄሞግሎቢን የተባለው ፕሮቲን በሚጻፍበት ስፍራ አንዲት ፊደል ስትለወጥ፤ ክቡ ቀይ ሕዋስ እንደ ማጭድ ይጐብጣል። ይህን ለውጥ ከአባቱም ከእናቱም የወረሰ ሰው በጽኑ ይታመማል፤ ከአንዱ ወላጅ ብቻ የወረሰ ግን ከከባድ ወባ በከፊል ይጠበቃል።

የዲ ኤን ኤው ክር በጥቅልል በጥቅልል ተከፍሎ ይቀመጣል፤ ጥቅልሉም ክሮሞሶም ይባላል። ሰው 46፤ ላም 60፤ ዶሮ 78 ክሮሞሶም አላቸው። ልጅ ግማሹን ከአባቱ፤ ግማሹን ከእናቱ ይወርሳል። በቀድሞው የጐጃም ሥርዓት ሰው ርስት የሚጠይቀው በአባቱም በእናቱም በኩል ነበር፤ ያ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ዐዋጅ ቀርቷል። የክሮሞሶም አወራረስ ግን ዛሬም በሁለቱ ወገን ነው።

በቅሎ የማትወልድበት ምክንያት ከዚህ ይታወቃል። ፈረስ 64፤ አህያ 62 ክሮሞሶም አላቸው። በቅሎም ከፈረስ እናትዋ 32፤ ከአህያ አባትዋ 31 ወርሳ 63 ይኖራታል። ለመውለድ ክሮሞሶሞች ሁለት ሁለት ሆነው መጣመር አለባቸው፤ የበቅሎ ግን ቍጥራቸውም አሠራራቸውም ስለማይገጥም በደንብ አይጣመሩም። ስለዚህ ለጭነትና ለመንገድ የበረታች ስትሆን፤ እጅግ ጥቂት ጊዜ ካልሆነ በቀር አትወልድም።

ክፍል 6። ስለ ራይቦሶም፤ ስለ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለምና ስለ ጎልጂ

በኑክሊየስና በሽፋኑ መካከል ሳይቶፕላዝም የሚባል ወፈር ያለ ፈሳሽ አለ። የቀሩት ክፍሎች በእርሱ ውስጥ ይገኛሉ። የሦስቱን ሥራ በአንድ ምሳሌ ለመረዳት የላምን ጡት መመልከት ይበቃል።

በላም ጡት ውስጥ ወተት የሚሠሩ ሕዋሳት አሉ። የወተት ፕሮቲን የሚሠራበት ትእዛዝ ከኑክሊየስ ተገልብጦ ሲወጣ ራይቦሶም የተባሉት እጅግ ትናንሽ ሠራተኞች ይቀበሉታል። ራይቦሶም ግልባጩን ሦስት ሦስት ፊደል እያደረገ ያነባል፤ በንባቡም መሠረት አሚኖ አሲድ የሚባሉትን ቅንጣቶች እንደ ዶቃ በክር ይሰካል። እነዚህ ቅንጣቶች ላሚቱ ከበላችው የመጡ ናቸው።

ከእነዚህ ራይቦሶሞች ብዙዎቹ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም በተባለው ክፍል ላይ ተጣብቀው ይሠራሉ። ይህ ክፍል ከኑክሊየስ አጠገብ የተጣጠፈ የስስ ሽፋን መተላለፊያ ነው። አዲስ የተሠራው ፕሮቲን በዚህ መተላለፊያ ውስጥ ገብቶ ቅርጹን ይይዛል። ከዚያም ጎልጂ ወደሚባለው ክፍል ይሄዳል፤ ስሙም በ1898 ካገኘው ከጣሊያናዊው ሐኪም ከካሚሎ ጎልጂ የመጣ ነው። ጎልጂ በላይ በላዩ እንደ ተደራረበ እንጀራ ሆኖ ይታያል፤ ሥራውም የመጣለትን ማሰናዳትና በየከረጢቱ አድርጎ ወደሚገባው ስፍራ መላክ ነው። ከረጢቱ ወደ ሽፋኑ ደርሶ ይከፈታል፤ በውስጡ የነበረውም ወደ ወተቱ ይፈስሳል።

የወተቱ ስብ ግን በሌላ መንገድ ይወጣል። የስቡ እንክብል ከሕዋሱ ሲወጣ የሕዋሱን ሽፋን እንደ ልብስ ተጐናጽፎ ይሄዳል። እንክብሎቹ እርስ በርሳቸው እንዳይጣበቁ የሚከለክላቸው ይህ ልብስ ነው። ባለቤት እርጎውን በቅል ስትንጥ ልብሱ ይቀደዳል፤ ስቡም ከስብ ጋር ተገናኝቶ ቅቤ ይሆናል። እንግዲህ ቅቤ የምትንጥ ሴት ሁሉ የሕዋስን ሽፋን ትሰብራለች ማለት ነው።

ክፍል 7። ስለ ማይቶኮንድሪያ

ይህ ሁሉ ሥራ ያለ ኀይል አይሠራም። ኀይል የሚገኝበት ምድጃ ማይቶኮንድሪያ ይባላል። ማይቶኮንድሪያ ሁለት ሽፋን አለው፤ የውስጡ ሽፋን ሥራ የሚሠራበት ስፍራ እንዲሰፋ የተጣጠፈ ነው። በዚህ ስፍራ ከምግብ የመጣው ነገር ሰው ከሚተነፍሰው ኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ኀይል ይሰጣል። ኀይሉም ኤ ቲ ፒ በሚባል ነገር ይቀመጣል። አንድ ገበሬ ጤፉን በገበያ ሸጦ በዝርዝር ገንዘብ እንደሚለውጠውና በየሱቁ እንደሚገዛበት፤ ሕዋስም ምግቡን በኤ ቲ ፒ ለውጦ በየሥራው ይከፍላል።

ብዙ የሚደክም ሕዋስ ብዙ ማይቶኮንድሪያ አለው። ቀኑን ሙሉ የሚያርስ በሬ ጡንቻው፤ ሌሊትና ቀን የማያርፍ ልብም በማይቶኮንድሪያ የተሞሉ ናቸው። ዶሮ ለወጥ በየብልቱ ስትቈራረጥ የጭንዋ ሥጋ ጠቆር ያለ፤ የደረትዋ ሥጋ ነጣ ያለ ሆኖ ይታያል። ዶሮ ቀኑን ሁሉ በእግርዋ ስለምትቆምና ስለምትጭር፤ ጭንዋ ብዙ ማይቶኮንድሪያና ኦክሲጅን የሚይዝ ቀይ ፕሮቲን አለው። በክንፍዋ ግን እምብዛም ስለማትበር ደረትዋ ይህን ያህል የለውም።

ማይቶኮንድሪያ ከሌሎቹ ክፍሎች የሚለይበት ነገር፤ ከኑክሊየስ የተለየች የራሱ ትንሽ ዲ ኤን ኤ ስላለችው ነው። ይህችም ከእናት ብቻ ትወረሳለች። ወንድ ልጅ ከእናቱ ይቀበላታል፤ ለልጁ ግን አያወርሳትም። «በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት፤ እናቴ ፈረስ ናት አለች» የሚለው ተረት አባቷን ለሚሸሽግ የተነገረ ነው፤ በማይቶኮንድሪያ ነገር ግን በቅሎዋ እውነት ተናገረች፤ ማይቶኮንድሪያዋ ሁሉ የፈረስ ነውና።

ክፍል 8። ስለ ላይሶሶምና ስለ ክሮቹ

ደ ዱቭ በ1955 የሰየመው ላይሶሶም፤ በውስጡ የሚያሟሙ ነገሮች የያዘ ከረጢት ነው። ያረጀውን የሕዋስ ክፍል አፍርሶ እንደ ገና እንዲጠቅም ያደርገዋል። ከነጭ የደም ሕዋሳት አንዳንዶቹ ባክቴሪያን ውጠው በእነዚህ ከረጢቶች ያሟሙታል። በቍስል ላይ የሚታየው መግል አብዛኛው እንዲህ ሲዋጉ የሞቱ ነጭ ሕዋሳት ነው።

በሳይቶፕላዝም ውስጥ ደግሞ ረቂቅ የፕሮቲን ክሮች ተዘርግተዋል። እነዚህ ለሕዋሱ እንደ ወጋግራና እንደ መንገድ ናቸው። ሕዋስ ሲከፈል ክሮሞሶሞቹን ወደ ሁለት ወገን የሚስቡት እነርሱ ናቸው። ከወገብ ተነሥቶ እስከ እግር ጣት የሚደርሰው የነርቭ ሕዋስ ርዝመቱ እስከ አንድ ሜትር ይሆናል፤ በእርሱም ውስጥ ዕቃ የሚጓጓዘው በእነዚህ ክሮች ላይ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ይህን መንገድ ይጠቀምበታል። ቫይረሱ ከተነከሰው ስፍራ ወደ ነርቭ ሕዋስ ይገባና በክሮቹ ላይ ተጭኖ ወደ አንጐል ይወጣል። አንጐል ደርሶ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን መንገዱ ጊዜ ይወስድበታል፤ የሰው ተስፋ በዚያ ጊዜ ላይ ነው። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይጠብ፤ ሳይውል ሳያድርም ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት ይቀበል።

ክፍል 9። ስለ ቀይ የደም ሕዋስ

የአንድ ክፍል ጥቅም በጐደለ ጊዜ ይበልጥ ይታወቃል። የሰው ቀይ የደም ሕዋስ በአጥንት መቅኔ ውስጥ ሲወለድ እንደ ሌሎቹ ኑክሊየስም ማይቶኮንድሪያም ራይቦሶምም ነበረው። ሲጐለምስ ግን እነዚህን ሁሉ አውጥቶ ይጥላል፤ ሄሞግሎቢንን ብቻ ተሞልቶ ወደ ደም ይወጣል። ሄሞግሎቢን ብረት ያለበት ፕሮቲን ነው፤ ሥራውም ኦክሲጅንን ከሳምባ ተሸክሞ ወደ መላው አካል ማድረስ ነው። በአንድ ቀይ ሕዋስ ውስጥ ወደ 270 ሚሊዮን የሄሞግሎቢን ቅንጣቶች ይገኛሉ። ምድጃ ስለሌለው ከተሸከመው ኦክሲጅን ራሱ አይጠቀምም፤ እህል የተጫነች አህያ ከጭነትዋ እንደማትበላ ነው።

ለዚህ ትርፍ ግን ዋጋ ከፍሏል። መጽሐፉን ስለ ጣለ አዲስ ትእዛዝ አይሰጥም፤ ራይቦሶም ስለሌለው አዲስ ፕሮቲን አይሠራም፤ ሲጐዳ አይጠገንም፤ ተከፍሎም አይባዛም። ዕድሜው 120 ቀን ያህል ብቻ ነው። አካል ያረጁትን ለመተካት በየሰከንዱ 2 ሚሊዮን ያህል አዲስ ቀይ ሕዋሳት ይሠራል።

ክፍል 10። ወባ በሁለት ሕዋሳት ላይ የምታደርገው

የወባ ተውሳክ በሴቲቱ ትንኝ ንክሻ ወደ ሰው ደም ስትገባ፤ አስቀድማ ወደ ጉበት ሕዋስ ትሄዳለች። የጉበት ሕዋስ ክፍሎቹ ሁሉ የተሟሉለት ሀብታም ቤት ነው። በዚያም አንድ ሳምንት ያህል ተሸሽጋ በብዙ ሺሕ ትባዛለች። በዚህ ጊዜ ሰውየው አንዳች አይሰማውም፤ ከቆላ ወደ ደጀን ወጥቶ ሥራውን ይሠራል። ከዚያ በኋላ ሕዋሱን ሰብራ ወደ ደም ትወጣና ወደ ቀይ ሕዋሳት ትገባለች።

ቀይ ሕዋስ ለተውሳክ ምቹ መሸሸጊያ ነው። ሌሎች ሕዋሳት ጠላት ሲገባባቸው የጠላቱን ቍራጭ በሽፋናቸው ላይ አውጥተው ለነጭ ሕዋሳት ምልክት ይሰጣሉ። ቀይ ሕዋስ ግን ይህን ምልክት የሚሠራበት ራይቦሶም የለውም። ተውሳኩም ሄሞግሎቢኑን እየበላች ታድጋለች፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ተባዝታ ሕዋሱን ታፈነዳለች፤ ልጆችዋም ወደ ሌሎች ሕዋሳት ይገባሉ። ብርድ ብርድ ማለትና ትኵሳት የሚመጡት ሕዋሳቱ በሚፈነዱበት ሰዓት ነው፤ አንድ ቀን እያሳለፈ የሚያንቀጠቅጠውም ስለዚህ ነው። ቀይ ሕዋስ ሲያልቅ ኦክሲጅን ተሸካሚ ይጠፋል፤ የማይቶኮንድሪያው ምድጃ ይዳከማል፤ በሽተኛውም ይገረጣል፤ ጕልበቱም ይከዳዋል።

በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኙት የወባ ዓይነቶች ሁለት ናቸው፤ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ይባላሉ። ቫይቫክስ ወደ ቀይ ሕዋስ በአብዛኛው የሚገባው ዳፊ በምትባል በሽፋኑ ላይ ባለች ፕሮቲን በኩል ነው። በምዕራብ አፍሪካ ያሉ ሰዎች አብዛኞቹ ይህች በር በቀይ ሕዋሳቸው ላይ የለቻቸውም፤ ስለዚህ ቫይቫክስ በዚያ ጥቂት ነው። በኢትዮጵያ ግን ብዙ ሰዎች ስላለቻቸው ሁለቱም ዓይነቶች ይገኛሉ።

አንድ ሽማግሌ፦ «ልጄ፤ ወባው ከለቀቀኝ ወራት አልፈዋል፤ ቆላም አልወረድሁም። እንደ ገና የሚያንቀጠቅጠኝ ከየት መጥቶ ነው?» ብለው ቢጠይቁ፤ መምህሩ እንዲህ ብሎ ይመልስ፦ «አባቴ፤ ቫይቫክስ የተባለው ወባ ከፊሉ በጉበት ሕዋስ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። በደም ውስጥ ያለውን የሚገድለው መድኃኒት የተኛውን አይነካውም። ለተኛው ፕሪማኩዊን የሚባል ሌላ መድኃኒት አለው፤ እርሱም ደም ተመርምሮ በጤና ባለሙያ ትእዛዝ የሚወሰድ ነው። ተሽሎኛል ብለው ሳይጨርሱ አይተዉት።»

ወባ የቆላ ብቻ ናት ብሎ መዘናጋት አደገኛ መሆኑን ታሪክ አስተምሯል። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ እስከ 1951 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ በኢትዮጵያ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባሉት አገሮች ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። ዝናቡና ሙቀቱ ከልማድ ውጭ ስለ ሆነ ትንኙ ወደ ላይ ወጣ፤ በእነዚያ አገሮች የነበረውም ሕዝብ በሽታውን የለመደ አልነበረም። ስለዚህ በአጐበር መተኛት፤ ትንኝ የሚራባበትን የቆመ ውኃ ማፍሰስ፤ ትኵሳት ሲሰማም በዚያው ቀን ደም ማስመርመር ይገባል።

የትምህርቱ ፍሬ ነገር

ሽፋኑ ይጠብቃል፤ ኑክሊየሱ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ራይቦሶሙ ይሠራል፤ ጎልጂው ይልካል፤ ማይቶኮንድሪያው ኀይል ይሰጣል፤ ላይሶሶሙ ያጸዳል፤ ክሮቹም ይደግፋሉ። አንዱ ለብቻው ሕይወትን አያቆምም። በሽታም ያለ በር አይገባም፤ ወባ በቀይ ሕዋስ ሽፋን፤ የእብድ ውሻ በሽታ በነርቭ ክር ይገባል። በሩን ያወቀ ሰው ሳይረፍድ ይዘጋዋል።

ለተማሮች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. ሕዋስና ድንጋይ በምን ይለያያሉ?
2. ጨው የተነሰነሰበት ቋንጣ የማይበሰብሰው ለምንድር ነው?
3. ፔኒሲሊን ባክቴሪያን ሲገድል የሰውን ሕዋስ የማይጐዳው ስለ ምን ነው? ለጉንፋንስ የማይረዳው ለምንድር ነው?
4. የወተት ፕሮቲን ከኑክሊየስ ትእዛዝ ጀምሮ እስከ ወተቱ ድረስ በየትኞቹ ክፍሎች ያልፋል?
5. በቅሎ የማትወልደው ለምንድር ነው? ማይቶኮንድሪያዋስ ከማን የመጣ ነው?
6. በእብድ ውሻ የተነከሰ ሰው ሳይውል ሳያድር ክትባት መቀበል ያለበት ስለ ምን ነው?
7. ቀይ የደም ሕዋስ የትኞቹን ክፍሎች ይጥላል? ምን ያተርፋል? ምንስ ያጣል?
8. ከዐባይ ቆላ የተመለሰ ሰው ከሳምንት በኋላ ወይም ከወራት በኋላ በወባ የሚታመመው እንዴት ነው?